ግሎክ 19 ለትንሽ እጅ

ሽጉጥ ሱቅ ለገባች ሴት መጀመሪያ የሚቀርብላት ትንሹ ሽጉጥ ነው። ሻጩ እጇን አየት ያደርግና ከመስታወቱ ሥር መዳፍ የምታክል ነገር ያወጣል። "ይቺ ቀላል ናት፣ ለእርስዎ ትሆናለች" ይላል። እኔንም የገባሁበት ሱቅ ሁሉ ያለኝ ይህንኑ ነው። በዚህ ምክር ገዝተው አንድ ቀን ብቻ የተኮሱ ጓደኞች አሉኝ። እጃቸውን አመማቸው፣ ሽጉጡንም ዳግመኛ አልነኩትም። ስለዚህ የማምነውን ፊት ለፊት ልናገር። ለቤት ከሆነ፣ እጃችሁ ትንሽ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ፣ ትንሹን ተዉትና መካከለኛውን ያዙ። እኔ የያዝኩት ግሎክ 19 ነው፤ ጄኔሬሽን 5 የሚባለው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ነርስ ነኝ። ባለቤቴ ሌሊት ይነዳል፤ ስለዚህ ከልጆቼ ጋር ብቻዬን የማድርበት ሌሊት ይበዛል። መንገዳችን ላይ የአንድ ጎረቤት በር ተሰብሮ ሌባ ከገባ ወዲህ ነው ነገሩን በቁም ነገር የያዝነው።

ግሎክ የኦስትሪያ ሥራ ነው። ጋስተን ግሎክ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራውን፣ ግሎክ 17ን፣ የኦስትሪያ ጦር እ.ኤ.አ. በ1982 መረጠለት። 19 የዚያ አጠር ያለ ወንድም ነው፤ በ1988 ወጣ። ጄኔሬሽን 5 የመጣው በ2017 ነው። አካሉ ፕላስቲክ፣ የላይኛው ክፍል ብረት፣ አፈሙዙ 102 ሚሊሜትር። በተለምዶ 15 ጎራሽ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና ስለማይሸጥ የእኛው 10 ጎራሽ ነው። ለቤት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መራገጡ።

ግሎክ 19 ባዶ ካዝና ይዞ 670 ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ 9 ሚሊሜትር ጥይት የሚተኩሰው ትንሹ ግሎክ 43 ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ጥይቱ አንድ ነው። ባሩዱም አንድ ነው። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ ወደ ኋላ የሚመጣው ግፊትም ያው ነው። ግፊቱን የሚቀበለው ክብደት ሲያንስ ግን ሽጉጡ ፈጥኖ ይራገጣል፤ ያን የሚከፍለው የተኳሹ እጅ ነው። በዚያ ላይ የትንሹ እጀታ አጭር ነው። የመጨረሻዋ ጣት መያዣ አጥታ በአየር ላይ ትቀራለች። እሷ ደግሞ ለመጨበጥ ትልቅ ሥራ ያላት ጣት ናት።

ብዙ የተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሳትገዙ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ተኩሱ። እኔ በሰባት ያርድ ላይ ወረቀት ሰቅዬ አወዳደርኳቸው። የመጀመሪያው ጥይት በሁለቱም ጥሩ ቦታ ይገባል። ልዩነቱ የሚታየው ሁለተኛው ላይ ነው። ትንሹ ሲተኮስ የፊት ማነጣጠሪያው ከዓይኔ ጠፍቶ ወደ ጣራው ይሄዳል፤ እጀታውም መዳፌ ውስጥ ይዞራል። በእያንዳንዱ ጥይት መካከል አያያዜን ማስተካከል ነበረብኝ። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ያለው ሥጋ ቀልቶ ዋለ። 19ኙም ይነሳል፣ አይነሳም አልልም። ግን የፊት ማነጣጠሪያው ላይ ያለችው ነጭ ነጥብ ወደ ላይ ብላ ቁልቁል ትመለስና ኋላ ባለችው ነጭ ቅርጽ መካከል እንደገና ትቀመጣለች። እኔ ምንም ሳልነካ። ያን ጊዜ ነው ይህ ለእኔ ነው ያልኩት።

ምክንያቱ ክብደት ብቻ አይደለም። የግሎክ አፈሙዝ ከእጅ ላይ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ ግፊቱ አፉን ወደ ሰማይ ከማንሳት ይልቅ ቀጥ ብሎ ወደ ክንድ ይመጣል። ይህን ጥቅም ለማግኘት ግን እጅን እስከ ላይ ድረስ አስጠግቶ መያዝ ያስፈልጋል። በእጀታው ጀርባና በመዳፉ መካከል ክፍተት መኖር የለበትም። ግራ እጅ ቀኙ የተወውን ባዶ ቦታ ይሞላል፤ ሁለቱም አውራ ጣቶች ወደ ፊት ያመለክታሉ። አስተማሪያችን የግራው እጅ ከቀኙ የበለጠ መጨበጥ አለበት ይል ነበር፤ ልክ ነው። ደረት ትንሽ ወደ ፊት ማዘንበል አለበት። ወደ ኋላ ተለጥጦ መቆም የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ ያኔ ሽጉጡ ሰውዬውን ይገፋዋል። አንጓ ከላላ ደግሞ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ቀለሁን በደንብ አይተፋም፣ ይነክስና ይቆማል።

ስለ ቀለህ ካነሳሁ፣ እህቶቼ፣ አንገቱ የተዘጋ ልብስ ለብሳችሁ ሂዱ። ትኩስ ቀለህ ደረት ውስጥ ሲገባ ሰው ይደነግጣል። ሽጉጥ ይዞ መደንገጥ ደግሞ አደጋ ነው።

ሌላው መራገጥን የሚያባብሰው ነገር ፍርሃት ነው። ሰው ድምፁን ሲጠብቅ ቃታውን ከመሳቡ ጋር ሽጉጡን ቁልቁል ይገፋዋል። አስተማሪው ባለቤቴን የፈተነው በካዝናው ውስጥ ከደህናው ጥይት መካከል የውሸት ጥይት ቀላቅሎ ነው። ባዶው ሲመጣ ሽጉጡ ዝም አለ፣ አፉ ግን ወደ መሬት ነካ አደረገ። ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ይታያል። መድኃኒቱ ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ ቃታ መሳብ መለማመድ ነው። ጥይቱ ሌላ ክፍል መሆን አለበት፤ ጥይት አለመጉረሱም በዓይንና በጣት መረጋገጥ አለበት።

ባለቤቴ ግራኝ ነው፣ እኔ ቀኝ ነኝ። ሁለታችንም በአንድ ሽጉጥ የምንገለገልበት ምክንያት ይህ ጄኔሬሽን 5 ነው። ስላይዱን፣ ማለትም ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚንሸራተተውን የላይኛውን የብረት ክፍል፣ የሚለቀው ማንሻ በግራም በቀኝም አለ። የካዝና መልቀቂያው ቁልፍም ለግራኝ ሊዞር ይችላል። የእጀታው ጀርባ ላይ የሚገጠም ተጨማሪ ቁራጭም አብሮ ይመጣል። እኔ ያለ ቁራጩ እይዘዋለሁ፤ ሌባ ጣቴ ቃታው ላይ በደንብ የሚደርሰው እንደዚያ ነው። የድሮዎቹ እጀታ ላይ የነበረው የጣት ቦይም ስለቀረ ጣቴ የፈለገችበት ታርፋለች።

የሚከብደው ማቀባበሉ ነው። የስላይዱ ምንጭ ጠንካራ ነው። በሁለት ጣት ቆንጥጦ ለመሳብ የሚሞክር ሰው አይችልም። ግራ እጅን ከላይ ጭኖ በሙሉ መዳፍ መያዝ፣ ከዚያ በግራ እየሳቡ በቀኝ እጅ እጀታውን ወደ ፊት መግፋት ነው። እንዲህ ሲሆን ጉልበቱ ከትከሻ ይመጣል። ማነጣጠሪያዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ በዚህ ዋጋ ብረት መሆን ነበረባቸው ብዬ አምናለሁ። በጨለማ የሚያበሩ ማነጣጠሪያዎች ለብቻቸው ተገዝተው ይገጠማሉ፤ ለቤት ከሆነ ወጪው ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ቆም እንበል። አገር ቤት ሽጉጥ የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ማካሮቭን ወይም ስታርን ነው። ማካሮቭ በአውራ ጣት ከፍ ሲል የሚቆልፍ ማንሻ አለው፤ የመጀመሪያው ቃታም ረጅምና ከባድ ነው። ግሎክ 19 ላይ ያንን ማንሻ ብትፈልጉ አታገኙትም። ቃታው መሃል ላይ ትንሽ ምላስ አለች፤ ጣት ስታርፍባት ትከፈታለች። ውስጡ ያሉት ሌሎች ሁለት መቆለፊያዎች ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይተኩስ ያደርጋሉ። ቃታው ከተሳበ ግን ይተኩሳል፣ ሌላ ከልካይ የለውም። ለማጽዳት ሲፈታም ቃታውን መሳብ የግድ ነው። ስለዚህ ካዝናው ወጥቶ፣ ተቀባብሎ፣ የጎረሰው ጥይት መውጣቱ በዓይን ሳይታይ ማንም እንዳይፈታው። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም።

ስለ ጥይት አጭር ልበል። ለልምምድ ተራው 115 ግሬይን (የእርሳሱ ክብደት ነው) ይበቃል። ለቤት ግን አፉ የተቦረቦረውን፣ ሆሎ ፖይንት የሚባለውን ግዙ፤ አካል ሲነካ ስለሚከፈት ወደ ማዶ የማለፍ ዕድሉ ያንሳል። ግድግዳን በተመለከተ ግን ማንም አያታላችሁ። የአሜሪካ ቤት የውስጥ ግድግዳ ሁለት ስስ የጂፕሰም ሰሌዳና በመካከሉ አየር ነው። ሰውን የሚያቆም የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ከሳተ ያንን ያልፋል። እኛ ታውን ሃውስ፣ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት ውስጥ ነን፤ የልጆቼ ክፍል ከመኝታ ቤቴ ማዶ ነው። መራገጥን መቆጣጠር ለእኔ ዋናው ሚዛን የሆነው ለዚህ ነው። የሳተ ጥይት የሚሄደው ወደ ልጅ አልጋ ወይም ወደ ጎረቤት ሳሎን ነው።

የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ብዙዎቻችን ፈረቃ ሠራተኞች ነን። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት በሩን የሚከፍተው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባል ነው፣ ወንድም ነው፣ ትናንት የመጣ ዘመድ ነው። ሰውን ሳይለዩ ሽጉጥ የሚያነሱ ከሆነ ሽጉጥ አያስፈልግም። ስለዚህ አልጋዬ አጠገብ የእጅ ባትሪ አለ። ባለቤቴ ሳይደውል አይገባም። እንግዳ ኮቴ ከተሰማ ልጆቹን ወደ እኔ ክፍል፣ በሩን መቆለፍ፣ 911 መደወል። ሽጉጡ ከዚያ ወዲያ ነው።

ቤታችን ሰው አይጠፋውም። ልደት፣ ክርስትና፣ የእሁድ ቡና። አዋቂው ታች ሲጫወት ልጆች ላይ ቤት ይሮጣሉ፣ ቁም ሳጥን ይከፍታሉ። ትራስ ሥር፣ ቦርሳ ውስጥ፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ እነዚህ ሁሉ ቦታ አይደሉም። ሜሪላንድ ውስጥ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ የተሞላ መሣሪያ ማስቀመጥ በሕግ ያስጠይቃል። እኔ ቁጥር ተጭነው የሚከፍቱት ትንሽ የብረት ሣጥን ከአልጋው ብረት ጋር በብሎን አሳስሬዋለሁ። በጣት አሻራ የሚከፈተውንም ሞክሬ ነበር። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ እጅ መታጠብና አልኮል መቀባት ነው፤ የደረቀ ጣቴን ማንበብ እምቢ አለ፤ መለስኩት። ቤታችሁ ውስጥ ጭንቀት የበረታበት፣ መኖር አስጠላኝ የሚል ሰው ካለ ግን ሣጥንም አይበቃም። ሽጉጡ ከቤት ይውጣ፣ ራስን ከማጥፋት ለመታደግ ወደተዘጋጀው ስልክ፣ ወደ 988 ደውሉ። ይህን በሥራዬ ካየሁት ተነስቼ ነው የምለው።

ወረቀቱ ረጅም ነው። ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ የሽጉጥ መግዣ ብቃት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አሻራ፣ ቢያንስ የአራት ሰዓት ትምህርትና ተኩስ አለበት። ከዚያ የግዢው ማመልከቻ፣ ከዚያ ሰባት ቀን መጠበቅ። ይህ ፈቃድ ይዞ ለመዞር አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ፈቃድ አለ። ወደ መለማመጃው ስትሄዱ ባዶውን፣ በመያዣው ተዘግቶ፣ ጥይቱ ለብቻው ይሁን። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። ሲገዛ የሚሞላውን የፌዴራል ፎርም 4473 ግን በጥንቃቄ ሙሉት፤ ሐሰት መሙላት ወንጀል ነው። አደንዛዥ ዕፅ ትጠቀማለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለው። ወንድሞቼ ልብ በሉ፣ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ወረቀት ለሌለው ዘመድ በራስ ስም መግዛትም እንዲሁ ወንጀል ነው፤ የይሉኝታ ጉዳይ አይደለም።

ዋጋው እንደ ሱቁ ከ500 እስከ 650 ዶላር አካባቢ ነው። ሃምሳ የልምምድ ጥይት 15 ዶላር ገደማ። በጀት ስትይዙ ሣጥኑን፣ የጆሮ መከላከያውንና ለልምምድ የሚወጣውን ጨምሩበት። ለልምምድ ጊዜም ገንዘብም የሌለው ሰው ቢተወው እመርጣለሁ፤ ጥሩ የበር ቁልፍና ካሜራ ይግዛ።

በትክክለኛው አያያዝም ቢሆን ስላይዱን መሳብ ለማይችል፣ ለምሳሌ አንጓው ለሚያመው፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ሺልድ ኢዚ እመክራለሁ። 8 ጎራሽ ነው፣ በጣም ቀሎ ይቀባበላል፣ እጀታው ካልተጨበጠ ደግሞ አይተኩስም። ያገለገለ ከሆነ ግን መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ፋብሪካው ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 2020 የሠራቸውን በውስጣቸው ባለው መምቻ ምክንያት ለጥገና ጠርቷቸው ነበር። ተጠግኖ እንደሆነ በተከታታይ ቁጥሩ ሳታረጋግጡ ገንዘብ አትክፈሉ።