ኬ ነው ወይስ ኴ? የዐሥር ሳምንቱ የላቲን ስንኞች ኮርስ

ሥራዬ አራሚነት ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደራሲ «ሐሳቡ ዋለለ» ብሎ የጻፈውን አነበብኩ። አንዷ «ለ» ሲተይብ በስህተት የተደገመች መሰለችኝና ሰረዝኳት። መጽሐፉ «ሐሳቡ ዋለ» ብሎ ታተመ። ደራሲው መጣ፣ ገጹን ገልጦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው፣ ምንም ሳይናገር ቆመ። ያቺ «ለ» እስከ ዛሬ ታሳፍረኛለች።

ይህን የማወራው ወድጄ አይደለም። በቅርቡ የጨረስኩት የኦንላይን ኮርስ ገና በሁለተኛው ሳምንት ቁስሌን ነካካው።

ኮርሱ የሚያስተምረው የጽሑፍ ሂስ ነው። ደራሲው በእጁ የጻፈው ጠፍቶ የቀሩት ቅጂዎች ሲጋጩ፣ የመጀመሪያው ቃል የቱ እንደነበር የሚመረምረው ሙያ ማለት ነው። የሚያስተምረው ደግሞ በጥንታዊ የላቲን ግጥም ነው። ሙሉ ግጥም ግን አንድም የለውም። የጥንቶቹ የሮም ባለቅኔዎች የሊዊየስ አንድሮኒከስ፣ የናይዊየስ፣ የኤንየስ፣ የሉኪሊየስ ሥራዎች ሙሉ ሆነው አልደረሱንም። የደረሱን ሌሎች ጸሐፊዎች «እገሌ እንዲህ ይላል» እያሉ በየመጽሐፋቸው የሸጎጧቸው ብጥስጣሾች ናቸው። የሮምን ታሪክ የሚተርከው የኤንየስ ግጥም «አናሌስ» 18 መጽሐፍ ነበር። ዛሬ ከየቦታው ቢለቀም 600 ስንኝ ገደማ ነው።

ስመዘገብ ነገሩ አልተዋጠልኝም ነበር። ጀማሪን በተበጣጠሰ ነገር ማስጀመር ምን የሚሉት ነው? አሁን ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ ያለ አይመስለኝም። ሙሉ መጽሐፍ ሲሰጡህ በቅጂዎች ብዛት ትሰጥማለህ። አንዲት ስንኝን ግን አንድ ማታ ቁጭ ብለህ ከላይም ከታችም ታያታለህ።

የሁለተኛው ሳምንት ትምህርት በሙሉ ስለ አንድ ስንኝ ነው። ሊዊየስ አንድሮኒከስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ሮም ውስጥ ተውኔት ያቀረበው ሰው ነው። የሆሜርን ኦዲሲም ወደ ላቲን መልሶታል። የከፈተው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ዊሩም ሚሂ ካሜና ኢንሴኬ ዌርሱቱም»። ካሜና ሆይ (የሮማውያን የግጥም አምላክ ናት)፣ ያንን ብልሃተኛ ሰው ንገሪኝ፣ እንደማለት። ጣጣው ያለው «ኢንሴኬ» ላይ ነው። «ንገሪ» የሚል አሮጌ ቃል ነው። ኋላ ላይ ሰው ሲረሳው «ኢንሴኴ» ሳይሆን አይቀርም የሚሉ መጡ። እሱ «ተከተይ፣ ቀጥይ» የሚል ሁሉም የሚያውቀው ቃል ነው። በኛ ፊደል ቢጻፍ ነገሩ የኬ እና የኴ ጉዳይ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሁለተኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ አውሉስ ጌልየስ ሁለት የተማሩ ሰዎች በዚሁ ቃል ሲከራከሩ እንደሰማ ጽፏል። የተጣሉት በጥንታዊው የሮም ፖለቲከኛ በካቶ ንግግር ውስጥ በገባ አንድ ቃል ነው፣ ሥሩ ግን ያው ነው። ጌልየስ ከአሮጌው ንባብ ጋር ወገነ። ምስክሩ ምን መሰላችሁ? ግሪክ ውስጥ በፓትራስ ቤተ መጻሕፍት እጅግ ያረጀ የሊዊየስ ቅጂ አጋጥሞት ነበር። የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ቃሉ «ዩ» የምትባለው፣ በላቲን «ኴ»ን ለመጻፍ የምታስፈልገው ፊደል የለችበትም። በቃ፣ ኬ ነው።

ስንኙን ዛሬ የምናውቀው በዚያ ክርክር ምክንያት ነው። ባይጨቃጨቁ ኖሮ ባዶ እጃችንን ነበርን።

እዚህ ላይ አስተማሪዋ ቪዲዮውን ቆም አድርጋ ጠየቀች፦ የጌልየስ መጽሐፍ ራሱ በገልባጮች እጅ አይደል የመጣው? እነሱስ ኬን ወደ ኴ እንዳላቃኑት በምን እናውቃለን? ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። አንድ ጥቅስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንዴ ጠቃሹ በቃሉ ሲጠቅሰው ይስታል፣ ሁለተኛ የጠቃሹ ገልባጭ ይስታል። ደንቡን የሰጠችን ከዚህ በኋላ ነው፦ ሁለት ንባብ ሲጋጭ የከበደውን ጠርጥረህ አትጣለው። ገልባጭ የማያውቀውን ቃል ወደሚያውቀው ይለውጣል እንጂ የሚያውቀውን ወደማያውቀው ብዙም አይለውጥም። «ዋለለ»ን ወደ «ዋለ» የለወጥኩት እኔ አይደለሁ?

አራተኛው ሳምንት ስለ ፌስቱስ ነው። ፌስቱስ የድሮ ቃላትን የሚፈታ መዝገበ ቃላት አዘጋጅቶ ነበር። በዋናነት የተረፈው በአንድ የ11ኛው መቶ ዘመን ጥራዝ ነው፣ ኔፕልስ ውስጥ ይገኛል። እሱም እሳት በልቶታል። ገጹ ሁለት ዓምድ አለው፤ በተጎዱት ገጾች ላይ ውጭ በኩል ያለው ዓምድ ተቃጥሎ ግማሽ ግማሽ መስመር ብቻ ቀርቷል። ደግነቱ በ8ኛው መቶ ዘመን ዲያቆን ጳውሎስ የሚባል ሰው መጽሐፉን አሳጥሮ ጽፎታል። የቤት ሥራው ስድስት የተቃጠሉ መስመሮችን መሙላት ነበር። በደህናው መስመር ስንት ፊደል እንደሚገባ ትቆጥራለህ፣ የጎደለውን ታሰላለህ፣ የጳውሎስን አጭር ቅጂ አጠገቡ ታስቀምጣለህ። ሦስት ማታ ፈጀብኝ። ልክክ አድርጌ ሞላሁት። ፌስቱስ ለምስክርነት የጠቀሰውን የባለቅኔ ስንኝ ጭምር! ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

መልሱ በሁለት መስመር መጣ፦ «ፍቺውን ጥሩ አድርገህ ሞልተኸዋል። ጳውሎስ ሲያሳጥር ግን ብዙ ጊዜ የሚጥለው ጥቅሶቹን ነው፤ ስንኙን ከየት አመጣኸው?» ከየትም። ከራሴ ነበር ያመጣሁት።

ለዚህ ዓይነቱ እርማት ብቻ ኮርሱ ይመሰገናል። በሰው እጅ የታረሙት ሥራዎች አራት ብቻ ናቸው። አራቱም ግን ተነብበው ነው የታረሙት።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ኖንየስ ማርኬሉስ ይመጣል። እሱም መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ነው። ከሉኪሊየስ 30 መጽሐፍ የተረፈልን አብዛኛው በሱ በኩል ነው። ሰውዬው ብልህ አልነበረም ይላሉ። የጠቀመን ግን ይኸው ድርቅናው ነው። ሊንድሴይ የሚባል ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1901 እንዳሳየው፣ ኖንየስ ካነበባቸው መጻሕፍት የለቀማቸውን ጥቅሶች በ41 ዝርዝር ይዞ፣ እያንዳንዱን ቃል ሲፈታ ዝርዝሮቹን በዚያው ተራ ይሄድባቸዋል። ስለዚህ ጥቅሶቹ የተደረደሩበት ተራ የጠፋው ግጥም ውስጥ የቱ ስንኝ ከየቱ ይቀድም እንደነበር ይጠቁማል። የሉኪሊየስን የመጨረሻ አምስት መጻሕፍት ደግሞ የሄደባቸው ከኋላ ወደ ፊት ነው፣ ከ30 ወደ 26። እኔ ሃያ ጥቅሶችን በትንንሽ ወረቀት ጽፌ ወለል ላይ ደረደርኳቸው። ልጄ መጥታ «ካርታ ነው?» አለችኝ። ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ሳቱርናዊው የግጥም ምጣኔ የተሰጠው ትምህርት ግን ለወጉ ያህል ነው። ሊዊየስና ናይዊየስ ረጃጅም የትረካ ግጥሞቻቸውን የጻፉት በዚህ ምጣኔ ነው፤ አሠራሩ ላይ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። አለመስማማታቸውን ማስረዳት ይቻል ነበር። በሃያ ደቂቃ ቪዲዮ ሸፋፍነው አለፉት። የሳቅኩበት የኤንየስ ስንኝ «አት ቱባ ቴሪቢሊ ሶኒቱ ታራታንታራ ዲክሲት» ነው፣ መለከቱ በሚያስፈራ ድምፅ ታራታንታራ አለ የሚለው። ገልባጭ «ታራታንታራ»ን ሲያይ ምን ብሎ ይሆን?

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ሳምንታዊ ጥያቄዎቹን የሚያርመው ማሽን ነው። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ መልስ ብቻ ነው። አንድ ስንኝ ላይ ቃሉ መበላሸቱ ግልጽ ነው፣ መጠገኛ ግን የለም። እንዲህ ሲሆን አርታዒ ቃሉን በሁለት የጩቤ ምልክት (†) መሃል አስቀምጦ ይተወዋል። ያስተማሩን እነሱ ናቸው! እንደዚያው አደረግሁ። «አልተመለሰም» ብሎ ዜሮ ሰጠኝ።

ሌላም አለ። የሦስተኛው ሳምንት ፒዲኤፍ አንድ ቦታ ላይ ናይዊየስ ማለት ሲገባው ኖንየስ ይላል። ጻፍኩላቸው፣ በማግሥቱ አስተካከሉት፣ አመሰግናለሁ። የመልስ ወረቀቱ ግን በአሮጌው ስህተት ላይ እንደተመሠረተ ቀረ። አብረውኝ ከሚማሩት ግማሾቹ አሮጌውን አውርደዋል፣ ግማሾቹ አዲሱን። ማን ከየትኛው ቅጂ እንደሠራ ከስህተቱ ለየሁት። ሳያስቡት ጥሩ የቤት ሥራ ሰጡን።

ማስታወቂያው «ላቲን ማወቅ አያስፈልግም» ይላል። ውሸት ነው። ቢያንስ የስምና የግስ እርባታ ያልለመደ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያቆማል። ጥቂት ላቲን ያለው፣ ወይም እንደኔ ሲያርም የሚውል ሰው ግን ይግባበት። የማሽኑን ውጤት ከቁም ነገር አይቁጠረው፣ አራቱን የእጅ እርማቶች አጥብቆ ይያዝ።

ሰሞኑን አንድ ረቂቅ ላይ «ዳመነ» የሚል ቃል «ዳመነነ» ሆኖ አገኘሁ። እርሳሴን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩና ለደራሲዋ ደወልኩ። ስህተት ነው አለችኝ።