ቦትስዋና ላለው ለሞረሚና ለኦካቫንጎ ጉዞ ቀብድ ልትከፍሉ ያሰባችሁ ወገኖች፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከጉዞው የተመለስነው በዚህ ሳምንት ነው፤ ንዴቴም ገና አልበረደም። አነጋገሬ አንዳንድ ቦታ ላይ ቢከርር ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ የምጽፈው ሁሉ ግን በእጄ ባለ ወረቀትና በገዛ ጆሮዬ በሰማሁት ላይ የቆመ መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ። ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ስለሆነ የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ጆሃንስበርግ ለምትኖሩ ሰዎች ግን ዓይነቱን መዘርዘር አያስፈልግም፦ ወገኖቻችን በሚነግዱበት በጄፒ ሰፈር ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የአንበሳ ፎቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ስልክ፣ በቴሌግራም ደግሞ «ወገን ለወገን፣ ልዩ ቅናሽ፣ የቀሩት ጥቂት ወንበሮች ናቸው» የሚል ማስታወቂያ። ቀብዱ በግለሰብ ሂሳብ ይገባል፣ ቀሪው ከጉዞው ሁለት ወር በፊት ይጠናቀቃል፣ መኪናው ሊነሳ ሲል ደግሞ «የመንገድ ክፍያ» የሚባል ጥሬ ዶላር በፖስታ ይሰበሰባል። ይህን ሥርዓት የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ በራሱ ማጭበርበር ነው ለማለትም አይቻልም፣ ብዙ ደህና ድርጅቶች እንደዚያው ይሠራሉና።

የተሸጠልን ጉዞ በትልቅ የጉዞ መኪና ከጆሃንስበርግ ተነስቶ፣ ሊምፖፖን ተሻግሮ፣ በፍራንሲስታውንና በናታ በኩል ማውን ከተማ የሚገባ ነበር። ከማውን በክፍት ላንድክሩዘሮች ወደ ሞረሚ ጥብቅ ክልል ገብተን፣ «ሦስተኛው ድልድይ» በሚባለው የድንኳን ቦታ አድረን፣ የኦካቫንጎ ወንዝ በረግረግ በሚሰራጭበት በዴልታው በሞኮሮ ታንኳ በደንገሉ መካከል ተጉዘን፣ ከዚያ ወደ ካሳኔ ወጥተን ቾቤ ወንዝ ላይ በጀልባ ዝሆን ልናይ፣ በመጨረሻም ዛምቤዚን ተሻግረን ቪክቶሪያ ፏፏቴ ልንደርስ ነበር። ከዚህ ሁሉ አብዛኞቻችን ገንዘባችንን ያወጣነው ለሞረሚ ነው። በክልሉ ውስጥ ማደርና ውጭ አድሮ ቀን ቀን መግባት ፈጽሞ አንድ አይደለም፤ የድንኳን ቦታዎቹ አጥር የላቸውም፣ ዝሆኑም ጅቡም ሌሊት በድንኳንህ አጠገብ ያልፋል፣ ጎህ ሲቀድም ከማውን የሚመጣው ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ አንተ አንበሳው ዘንድ ደርሰሃል። ውጭ የሚያድር ሰው ሳይመሽ ከበሩ መውጣት ግዴታው ነው።

ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። «ጋሼ፣ እኔ ማውን ላይ ከሚያሳድሩት ወገን አይደለሁም፤ ውስጥ ነው የማሳድርዎት» ብሎ በቃሉም በዋትስአፕም አረጋግጦልኛል። መልእክቱ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ።

ደቡብ በር የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከማውን ወደ መቶ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ እስከ ሾሮቤ አስፋልት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ግን አቧራውን እያጎረሰ ነው የሚያደርሰው። ሙቀቱ የሚቻል አልነበረም፤ ቢሆንም መኪናው ላይ የነበርነው ሁሉ፣ ከሚኒሶታ ልጆቿን ይዛ ለዚሁ ጉዞ የመጣችው እህታችንም ጭምር፣ ደስታችን ወሰን አልነበረውም። አስጎብኚያችን ድርጅቱ ለዚህ ጉዞ ብቻ የቀጠረው ዚምባብዌያዊ ወጣት ነው። ከአቃፊው አንድ ወረቀት አውጥቶ ለበሩ ሠራተኛ ሰጣት። እሷም ትልቁን መዝገብ ገልጣ ጣቷን ከላይ እስከ ታች አወረደችው፣ ከዚያም ቀስ ብላ ከታች ወደ ላይ መለሰችው። ስማችንን አጣችው። የድርጅቱን ስም ጠየቀች፤ እሱም የለም። ከዚያ ማረጋገጫውን ስጠኝ ስትለው ልጁ በእጇ ወዳለው ወረቀት አመለከተ። እሷ ግን ወረቀቱን አዙራ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ አሳየችኝ።

ወረቀቱ የድንኳን ቦታውን ከሚያስተዳድረው ኩባንያ የተላከ የዋጋ ማቅረቢያ ነበር። ግርጌው ላይ በደማቅ ፊደል፣ ይህ የቦታ ማረጋገጫ እንዳልሆነና ክፍያው በተጠቀሰው ቀን ካልተፈጸመ ጥያቄው እንደሚሰረዝ ተጽፎበታል። ቀኑን አየሁት። ያ ቀን ያለፈው እኛ ቀሪ ሂሳባችንን አጠናቀን ከከፈልን በኋላ ነው። ቦታው ነበር፣ ዋጋው ተነግሮታል፣ የእኛም ገንዘብ በሂሳቡ ገብቷል፤ ሻጩ ግን ሳይከፍል ቀረ፣ ወረቀቱንም «ማረጋገጫ ነው» ብሎ ለአስጎብኚው አስያዘው።

አስጎብኚው በአካባቢው የሞባይል መስመር ስላልነበረ የመኪናውን የሳተላይት ስልክ አውጥቶ ደወለና ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሻጩ ራሱ አነሳ። በእንግሊዝኛ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ «ማውን መልሳቸውና ወንዝ ዳር አሳድራቸው፤ ነገ ሞኮሮ ሲሳፈሩ ይረሱታል» አለው። ቀጥሎም አጠገቡ ላለ ሰው በአማርኛ፣ እየሳቀ፣ የሚከተለውን ተናገረ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ሱቅ ውስጥ ያረጀ ሰው ሞረሚን ከማውን በምን ይለየዋል? ዝሆን ካየ በቃው።»

አዎ፣ ባለ ሱቅ ነኝ። ከዚያ መኪና ላይ ከነበሩት ብዙዎቹም ባለ ሱቅ ናቸው። ለዚህ ጉዞ የተከፈለው ገንዘብ እያንዳንዱ ራንድ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ የተሰበሰበ ነው፤ ይህን ደግሞ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ምክንያቱም የሚኖረው በእኛው ገንዘብ ነው። በቀጥታ ቢሰድበኝ ይህን ያህል አንጀቴ አያርም ነበር። ያናደደኝ እንደ ሕፃን የቆጠረን መሆኑና ለመሳቅ እንኳ ስልኩ እስኪዘጋ አለመታገሱ ነው።

«አቤት፣ እየሰማንህ ነው» አልሁት። የሳተላይት ስልክ ድምፅ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ሳቁ ትንሽ ከቀጠለ በኋላ ድንገት ተቆረጠ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እንዴ፣ ጋሼ! እንዴት ነዎት? መንገዱ ተስማማዎት?» ስለ ማረጋገጫው ጠየቅሁት። ውሉ ላይ «እንደ ቦታው መገኘት» የሚል ሐረግ እንዳለና እንደፈረምሁ አስታወሰኝ። ቦታው ተገኝቶ እንደነበር፣ ወረቀቱም በእጄ እንዳለ ነገርሁት። «እሱን ሲመለሱ በሰላም እንነጋገርበታለን» ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳም።

የበሩ ሠራተኛ አዘነችልን። የቀን መግቢያ ከፍለን እስኪመሽ መግባት እንደምንችል ነገረችን፤ የቀረን ጊዜ ግን ከበሩ ብዙም የማያርቅ ነበር። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሲያጋጥሟት እኛ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንንም ጨምራ ነገረችን። ያንን ሌሊት ማውን ውስጥ፣ ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ፣ ታማላካኔ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን አደርን። የአንበሳ ድምፅ ለመስማት የከፈልን ሰዎች እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ የሰማነው የድምፅ ማጉያ ነው።

የሞኮሮው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በመንገድ ክፍያችን የተሸፈነ ነው ተብለን ሳለ፣ ከፖስታው ውስጥ ግማሹን ቢሮው አስቀድሞ እንዳወጣው አስጎብኚው እያፈረ ነገረን፤ ስለዚህ ለቀዛፊዎቹ ከኪሳችን ጨመርን። እነሱን አልወቅስም፣ እንዲያውም ከጉዞው ሁሉ የተከፈለበት ዋጋ የሚገባው የእነሱ ሥራ ነው። የእኔ ቀዛፊ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ከኋላ ቆመው በረጅሙ ዘንግ መሬቱን እየገፉ ይነዱ ነበር፣ ውኃው ግን በየቦታው ከመሳሳቱ የተነሣ የታንኳው ሆድ አሸዋውን ሲፍቅ ይሰማል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ነገር ሻጩ ከነገረን ጋር ተቃራኒ ነው። እሱ «ውኃው ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው» ብሎን ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም፦ ወንዙን የሚሞላው ዝናብ የሚዘንበው አንጎላ ደጋ ላይ ነው፤ ውኃው በናሚቢያ ጠባብ መሬት አቋርጦ፣ በደንገሉና በሸምበቆው ውስጥ እየተንፏቀቀ ለወራት ተጉዞ ማውን አካባቢ የሚደርሰው ቦትስዋና ራሷ በደረቀችበት በሰኔና በሐምሌ ገደማ ነው። ባሕር ሳይደርስም በካላሃሪ አሸዋ ውስጥ ይቀራል። እኛ የሄድነው ጎርፉ ተመልሶ ካለቀ በኋላ ነው። ያ ወቅት የራሱ ጥቅም አለው፣ እንስሳቱ ወደ ቀረው ውኃ ስለሚሰበሰቡ፤ ነገር ግን በማስታወቂያው ላይ ያለው ሰማያዊ ዴልታ የሐምሌ ፎቶ ነው።

ፏፏቴውም እንደዚሁ ነው። ዛምቤዚ የሚሞላው ሚያዝያ ገደማ ነው፣ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ከሁሉ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ በዚያን ጊዜ ከዛምቢያ በኩል የሚታየው አብዛኛው ባዶ ቋጥኝ ሲሆን ውኃው የሚቀረው በዚምባብዌ በኩል ነው። እኛን የወሰዱን በዛምቢያ በኩል ነበር። «ከፏፏቴው ለሚረጨው ውኃ የዝናብ ልብስ ያዙ» ተብለን ስለነበር ሁላችንም የዝናብ ልብሳችንን በእጃችን አንጠልጥለን ደረቅ ድንጋይ ስናይ ቆየን። የወጪ ዝርዝሩ ላይ «ካዙንጉላ፣ የጀልባ መሻገሪያ» የሚል ክፍያም ነበረበት። ከቦትስዋና ወደ ዛምቢያ በሚሻገርበት በካዙንጉላ ላይ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ድልድይ አለ፤ መኪናችንም የተሻገረው በድልድዩ ነው። የጉዞ ዕቅዱን ከየት እንደገለበጠው ባላውቅም፣ ከገለበጠው ወዲህ እንዳላነበበው ግን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በቃሉ የተገኘው ቾቤ ብቻ ነው፣ እሱም ጀልባው የካሳኔ ሰዎች ስለሆነና ሻጩ ሊነካው ስላልቻለ ይመስለኛል። ዝሆኖቹ ልጆቻቸውን በመካከል አድርገው ወደ ሴዱዱ ደሴት ሲዋኙ፣ ኩምቢያቸው ብቻ ከውኃው በላይ ሲታይ፣ ለጥቂት ጊዜ ንዴቴን ረስቼ ነበር። ቦትስዋናና ናሚቢያ በዚህች ደሴት ምክንያት ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ተካስሰው እ.ኤ.አ. በ1999 ለቦትስዋና ተፈርዶላታል። የእኛ ክስ ያን ያህል ሩቅ አይሄድም፣ ግን ይሄዳል።

ተመልሰን ቢሮው ስንሄድ የተቀበለችን ልጅ ቀና ሳትል «ኃላፊው የሉም» አለችን፤ የኃላፊው ድምፅ ከበሩ ጀርባ ይሰማ ነበር። ጥቂት ቆይታ ወደ ውስጥ ገባችና ለሚቀጥለው የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ጉዞ ቅናሽ እንደተፈቀደልን ነግራን ወደ ስልኳ ተመለሰች። ገንዘባችን ይመለስ ስንል «ይሄ እኮ ጫካ ነው፣ ሆቴል አይደለም» ብላ መለሰችልን።

ይህን ሐረግ እዚህ የጻፍሁት ሌላውም ሰው ስለሚባለው ነው። የደቡብ አፍሪካ የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ በ47ኛው አንቀጹ ቦታ ተይዞልሃል ብሎ ገንዘብ ተቀብሎ ቦታውን ያላቀረበ ሻጭ ገንዘቡን ከነወለዱ እንዲመልስና ከዚያ የተነሣ በቀጥታ የደረሰውን ወጪ እንዲተካ ያስገድዳል። ከአቅሜ በላይ የሆነ ነገር ገጥሞኝ ነው የሚል መከላከያ አለው፤ የዋጋ ማቅረቢያውን ሳይከፍሉ መተው ግን ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አይደለም። እኛም ወረቀቱን፣ የዋትስአፕ መልእክቶቹንና የባንክ ደረሰኞቻችንን አያይዘን ለብሔራዊ የሸማቾች ኮሚሽን አመልክተናል።

ለምትሄዱ፦ በሞረሚም ሆነ በቾቤ ውስጥ ያሉ የድንኳን ቦታዎች በየኩባንያው የተከፋፈሉ ስለሆኑ፣ የቦታ ቁጥርና የክፍያ ማረጋገጫ ያለበትን ወረቀት ሳታዩ ቀሪ ሂሳብ አትክፈሉ፣ ከቻላችሁም በወረቀቱ ላይ ያለውን ኩባንያ ራሳችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ቀብዱም በድርጅቱ ሂሳብ እንጂ በሰው ስም አይግባ።

የገና ጉዞ ማስታወቂያው ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። ፎቶው ያው የሐምሌው ነው፣ «ሞረሚ ውስጥ ማደር» የሚለውም አልተነሣም፣ ለቀብድ የተሰጠው የሂሳብ ቁጥር ግን ተቀይሯል።