ኦሌፊን ኮፖሊመር ወይስ ፖሊሜታክሪሌት? የዘይት ውፍረት ማሻሻያ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ፖሊመር (እንደ ሰንሰለት የተቀጣጠለ ረጅም ሞለኪውል) የሚጨመርበትም ሞተሩ ሲግል ሊኖረው የሚገባውን ውፍረት እንዳያጣ ነው። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚቀርቡት ሁለት ዓይነት ፖሊመሮች ግን ባሕርያቸው የተለያየ ነው።

ከኤቲሊንና ከፕሮፒሊን የሚሠራው ኦሌፊን ኮፖሊመር ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን በትንሽ መጠን ብዙ ያወፍራል፤ የሞተር ዘይት አምራቾች የሚመርጡትም በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱ በብርድ ጊዜ ይታያል፤ በተለይ የኤቲሊን ድርሻው ከፍ ያለው ዓይነት በዘይቱ ውስጥ ካለው ሰም ጋር እየተያያዘ ፍሰቱን ሊያውክ ይችላል። ፖሊሜታክሪሌት በአንጻሩ በቅዝቃዜ ተጠቅልሎ በሙቀት የሚዘረጋ ሰንሰለት ስለሆነ ዘይቱን በብርድ ብዙም ሳያወፍር በሙቀት ይደግፈዋል፤ ሆኖም ዋጋው ይወደዳል፣ የሚፈለገውም መጠን ይበዛል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ብርድ ተነሥቶ የአፋርን ሙቀት አቋርጦ ጅቡቲ ለሚደርስ የጭነት መኪና 15ደብሊው-40 (በብርድ የ15፣ በሙቀት የ40 ቁጥር ደረጃ ያለው) የሞተር ዘይት ኦሌፊን ኮፖሊመር በቂ ነው፤ ለሃይድሮሊክና ለአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ፖሊሜታክሪሌትን እመርጣለሁ።

ብዙ ገዢ የሚዘነጋው ዋናው ጉዳይ ሰንሰለቱ በሥራ ላይ መቆራረጡ ነው። ይህ የሚለካው ኤስኤስአይ በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ ቁጥሩ ፖሊመሩ ከጨመረው ውፍረት ምን ያህል በመቶው እንደሚጠፋ ያሳያል። ፖሊመር ሳይገባበት በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 6 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ) የነበረ ዘይት ፖሊመር ተጨምሮበት 15 ቢደርስ የፖሊመሩ ድርሻ 9 ነው። ኤስኤስአዩ 25 ከሆነ ዘይቱ ወደ 12.75 ይወርዳል፤ የ40 ቁጥር ዘይት ዝቅተኛ ወሰን 12.5 በመሆኑም ደረጃውን ጠብቆ ይቆያል። ኤስኤስአዩ 50 ከሆነ ግን ወደ 10.5 ይወርዳል፤ በ40 ቁጥር ዋጋ የተገዛው ዘይት 30 ቁጥር ሆነ ማለት ነው። በእርግጥ ኤስኤስአዩ ዝቅ ያለ ፖሊመር ሰንሰለቱ አጭር ስለሆነ በብዛት መጨመር ይኖርበታል፤ ፖሊመር ሲበዛ ደግሞ ፒስተን ላይ ዝቃጭ የመፍጠር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ ዋጋ የሚነጻጸረው በኪሎ ሳይሆን አንድ በርሜል ዘይት በሚፈልገው መጠን ነው።

ሻጩ የሚሰጠው ቁጥር በየትኛው ፍተሻ እንደተገኘም መጠየቅ ይገባል። ለሞተር ዘይት የተለመደው ፍተሻ ዘይቱን በናፍጣ ኖዝል 30 ጊዜ የሚያሳልፈው ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ጥርሶች ግን ሰንሰለቱን ከዚያ በበለጠ ኃይል ስለሚቆራርጡት፣ ለእነዚህ ዘይቶች የሚያገለግለው በተጫነ ሮለር ቤሪንግ ለ20 ሰዓት የሚካሄደው ፍተሻ ነው፤ በኖዝሉ ጥሩ ውጤት ያሳየ ፖሊመር በዚህኛው ሊወድቅ ይችላል።