«ሙሉ ስቱዲዮ» ተብሎ በጅማ ስለሚሸጠው የድምፅ መቅጃ ጥቅል፦ ሳትፈትሹ አትክፈሉ

በቤታችሁ ድምፅ ለመቅዳት አስባችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃ ልትገዙ የተዘጋጃችሁ የጅማና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በአንድ ካርቶን ተጠቅሎ «ሙሉ ስቱዲዮ» በሚል ስም የሚሸጠውን የማይክሮፎን ጥቅል ሳትፈትሹ እንዳትገዙ በብርቱ አሳስባለሁ። እኔ በሦስት ዙር 19,500 ብር አውጥቼበታለሁ፤ ከገንዘቡም በላይ ዳግመኛ የማላገኘው ቅጂ ጠፍቶብኛል።

ዕቃውን የፈለግሁት አጎቴ ለዓመታት ሲያዜሙት የኖሩትን መንዙማ በድምፃቸው ለማስቀረት ነበር። ግጥሞቹ፣ ከፊሉ በአፋን ኦሮሞ ከፊሉ በአማርኛ፣ በቃላቸው ያሉ እንጂ በወረቀት የሰፈሩ አይደሉም፤ እሳቸውም ዕድሜያቸው ገፍቷል። በከተማችን መሀል ካሉት የኤሌክትሮኒክስ መሸጫዎች ወደ አንዱ ገብቼ ጉዳዬን ስናገር፣ ሻጩ ካርቶኑን ከመደርደሪያ አውርዶ «ወንድሜ፣ ይሄ ሙሉ ስቱዲዮ ነው፤ ሰክተህ መቅዳት ብቻ ነው የሚቀርህ» አለኝ። በውስጡ ቢኤም-800 የሚባለው ዓይነት ኮንደንሰር ማይክሮፎን (ለመሥራት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚፈልግ ማይክ)፣ ከጠረጴዛ ጠርዝ ጋር የሚታሰር ክንድ፣ ትንፋሽ የሚከለክል ክብ ወንፊት፣ ስፖንጅና አንድ ገመድ ነበሩ። በካርቶኑ ላይ «48 ቮልት» የሚል ጽሑፍ በጉልህ ታትሟል። እኔ ይህ ዕቃው ያለው ኃይል መስሎኝ ነበር፤ ማይክሮፎኑ ከሌላ ዕቃ ማግኘት ያለበትን ኃይል የሚያመለክት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

አንድ ሐሙስ ማታ አጎቴ ቤት ተሰበሰብን። ድቤ የሚመታው ዘመዳችን ከአጋሮ ለዚሁ ብሎ መጥቶ ነበር። ማይክሮፎኑን ከአጎቴ አፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቄ አቆምሁት፣ ገመዱን ላፕቶፔ ላይ ሰካሁት፣ በመቅጃ ፕሮግራሙ ላይ የድምፁ መስመር ሲንቀሳቀስ አየሁና ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ ለሁለት ሰዓት ያህል ቀዳሁ። በማግስቱ ሳዳምጠው ድቤው የአጎቴን ድምፅ ውጦታል፤ እሳቸው ከሌላ ክፍል ሆነው የሚያዜሙ ይመስላሉ። ጥፋቱን በክፍሉ፣ በምንጣፉ ማነስ፣ በራሴም አለማወቅ ላይ አደረግሁት።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ፣ አንድ ምሽት ብቻዬን ተቀምጬ እየቀዳሁ ሳለ የማይክሮፎኑን ወንፊት በጥፍሬ ጫርሁት። በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ጨርሶ አልተነሣም። ከዚያ የላፕቶፑን ጠርዝ ሳንኳኳ መስመሩ ወደ ላይ ዘለለ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ስቀዳ የነበረው በላፕቶፑ በራሱ ማይክ ኖሯል፤ አጎቴ ፊት የቆመው ማይክሮፎን አንዲት ቃል እንኳ አላስተላለፈም።

ምክንያቱ ገመዱ ላይ በዓይን የሚታይ ስለሆነ በደንብ ላብራራው። የገመዱ አንዱ ጫፍ ኤክስኤልአር የሚባለው፣ ሦስት ቀዳዳ ያለው ክብ ራስ ነው፤ ሌላው ጫፍ ግን እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ቀጭን 3.5 ሚሊሜትር ጃክ ነው። የዛሬ ላፕቶፖች አብዛኞቹ ለማዳመጫና ለማይክ የሚያገለግል አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው ያላቸው፤ ይህም ቀዳዳ ጃኩ አራት ክፍል፣ ማለትም ሦስት ጥቁር ቀለበት እንዲኖረው ይጠብቃል። ከጥቅሉ ጋር የተሰጠኝ ጃክ ሁለት ቀለበት ብቻ ስለነበረው ላፕቶፑ ማዳመጫ የተሰካበት መስሎት የራሱን ማይክ መጠቀሙን ቀጠለ። የማይክ መግቢያው ለብቻው በሆነ ዴስክቶፕ ላይ ይኸው ማይክሮፎን በሚያገኛት ጥቂት ቮልት ደከም ባለ ድምፅ ሊሠራ እንደሚችል አልክድም፤ ይሁን እንጂ እኔ ላፕቶፕ እንዳለኝ ለሻጩ ከመክፈሌ በፊት ነግሬዋለሁ።

ወደ ሱቁ ስመለስ ሻጩ አልደነገጠም። «እሱማ ፋንተም ፓወር ይፈልጋል፤ ለብቻው ነው የሚሸጠው» ብሎ 3,800 ብር የሚያወጣ ትንሽ ሳጥን ሰጠኝ። ሳጥኑ በእርግጥ ለማይክሮፎኑ ፋንተም ፓወር የሚባለውን 48 ቮልት ይሰጣል፤ ነገር ግን ድምፁን ወደ ኮምፒውተር አያስገባም፤ ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ በዚያው በቀጭኑ ጃክ ነው የሚሄደው። ማስተላለፊያ አስማሚ ፈልጌ ሳገናኘው ድምፅ አገኘሁ፤ ከድምፁ ሥር ግን የማያቋርጥ እምምም የሚል ጉምጉምታ ነበረበት። የኤክስኤልአር ገመድ ከመሬት መስመሩ ሌላ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ፣ በአንደኛው ገልብጦ፣ ስለሚያስተላልፍ፣ በመንገድ ላይ የሚገባበትን የኤሌክትሪክ ጫጫታ ተቀባዩ ዕቃ አጣፍቶ ያወጣዋል። ወደ ላፕቶፕ በቀጭን ጃክ ሲገባ ይህ ጥቅም ስለሚቀር፣ የ50 ኸርዝ መብራታችን ጉምጉምታ አብሮ ይቀዳል።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ቪ8 የሚባለውን ባለ ብዙ ቁልፍ ሳውንድ ካርድ በ4,200 ብር ሸጠልኝ። ይህ ዕቃ ለስልክ የቀጥታ ስርጭት የተሠራ፣ የሳቅና የጭብጨባ ድምፅ የሚያወጡ ቁልፎች ያሉበት ነው። ለዚያ ሥራ የሚፈልገው ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ የእኔው ግን 48 ቮልት አይሰጥም፣ ድምፁንም ማሚቶ እየጨመረ ይለዋውጠዋል። የሽማግሌን ዜማ ለትውልድ ለማስቀረት የሚሆን አይደለም። እኔን አብዝቶ ያሳዘነኝ ይህ ሦስተኛው ሽያጭ ነው፤ በመጀመሪያው ሻጩ ባለማወቅ ተሳስቷል ብዬ ልቀበል እችል ነበር።

በመጨረሻ በሙዚቃ ሥራ የቆየ ጎረቤቴ የራሱን ኦዲዮ ኢንተርፌስ ይዞልኝ መጣ። ከጥቅሉ ውስጥ የጎደለው ዋናው ዕቃ ይህ ነው። ኦዲዮ ኢንተርፌስ የማይክሮፎኑን ደካማ ድምፅ ያጎላል፣ ለኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ይሰጣል፣ ድምፁን ወደ ዲጂታል ቀይሮ በዩኤስቢ ገመድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባል። እንደ ቤሪንገር ዩኤም2 ወይም ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ያሉት ለጀማሪ የሚሆኑ ናቸው፤ ሁለቱም የኤክስኤልአር መግቢያና 48 ቮልት አላቸው። አገናኘነው፦ ማይኩን በሁለቱም ጫፍ ኤክስኤልአር በሆነ ገመድ ከኢንተርፌሱ ጋር፣ ኢንተርፌሱን ከላፕቶፑ ጋር፣ ማዳመጫውንም ከላፕቶፑ ነቅለን ኢንተርፌሱ ላይ። ጌይኑን፣ ማለትም ድምፁ የሚጎላበትን መጠን፣ ዝቅ አድርገን፣ ገመዱ ከተሰካ በኋላ 48 ቮልቱን አብርተን፣ በፕሮግራሙ ውስጥ መግቢያው ኢንተርፌሱ እንዲሆን መረጥን፤ ከዚያም ከፍተኛው ድምፅ በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ከ−12 ዴሲቤል ብዙም እንዳያልፍ ጌይኑን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግን። በዚህ ጊዜ ያው ርካሽ ማይክሮፎን የአጎቴን ድምፅ በሚያስደስት ሁኔታ ቀዳው። የአጋሮው ዘመዳችን ግን ተመልሶ ሄዶ ነበር፤ የዚያ ሐሙስ ምሽት ዜማ የቀረው በላፕቶፑ ማይክ በተቀዳው፣ ድቤው በዋጠው ቅጂ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ የነገረኝን አንድ ነገር ልጨምር። ቤታችሁ እንደ ብዙዎቻችን ቤት ቆርቆሮ ክዳን ያለው ከሆነ፣ የጅማ ዝናብ ሲጀምር ኮንደንሰር ማይክ የጣሪያውን ድምፅ ሁሉ ሰብስቦ ያስገባል። ለእንዲህ ዓይነት ክፍል ቀረብ ተብሎ የሚነገርበት ዳይናሚክ ማይክ ይሻላል፤ እሱ 48 ቮልትም አይፈልግም፣ ኢንተርፌስ ግን ያስፈልገዋል። ከእነዚህ ታዋቂው ሹር ኤስኤም58 ነው፤ ብዙ አስመስሎ የተሠራ ስለሚሸጥ ዋጋው እጅግ ረክሶ ካገኛችሁት ተጠራጠሩ።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ የምትቀዱበትን ላፕቶፕና የጆሮ ማዳመጫችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ገመዱን አስወጡና ሁለቱንም ጫፎች ተመልከቱ፤ አንዱ ጫፍ ቀጭን ጃክ ከሆነ ጥቅሉ ኢንተርፌስ የለውም ማለት ነው። «48 ቮልቱ ከየት ነው የሚመጣው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሻጩም ቁልፉን በጣቱ ያሳያችሁ። ከዚያ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ እየቀዳችሁ ማይኩን በጥፍራችሁ ጫር፣ ላፕቶፑንም ኳ አድርጉ፤ የትኛው እንደሚሰማ አዳምጡ። ይህን ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ገንዘባችሁን ሊቀበል አይገባም።

ደረሰኝም ያለ ማወላወል ተቀበሉ፣ የዕቃውም ዓይነት በስሙ ይጻፍበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔ ጉዳዩን ያወቅሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው፤ በደረሰኜም ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚል ብቻ ስለነበር ሻጩ የሳጥኑን ዋጋ መልሶ የቀረውን እምቢ አለኝ።

ይህን ጥቅል ከሁለት ሳምንት ወዲህ የገዛችሁ ካላችሁ፣ የጥፍሩን ፍተሻ ዛሬ ማታ አድርጉ፤ መስመሩ ካልተነሣ ካርቶኑን፣ ገመዱንና ደረሰኙን ይዛችሁ ነገ ጠዋት ወደ ገዛችሁበት ሱቅ ሂዱ።