ዊልተንስ ሚዩዚክ ሆል፦ እርጅናውን ያልደበቀ እድሳት

በምሥራቅ ለንደን፣ ግሬስስ አሊ በምትባል ጠባብ መተላለፊያ የሚገኘው ዊልተንስ ሚዩዚክ ሆል (የዘፈንና የልዩ ልዩ ትርዒት አዳራሽ) ከውጭ ሲታይ ቲያትር ቤት አይመስልም፤ ቀለማቸው የወየበ አሮጌ ቤቶች ከፊቱ ተደርድረው አዳራሹን ሙሉ በሙሉ ሸፍነውታል። እ.ኤ.አ. በ1859 የተከፈተው ይህ አዳራሽ በ1877 ተቃጥሎ በዓመቱ እንደገና ተሠራ፤ ከ1888 እስከ 1956 የሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ወገን) የስብከትና የእርዳታ ማዕከል ሆኖ ካገለገለ በኋላ ደግሞ የውዳቂ ጨርቅ መጋዘን ሆነ። በ1960ዎቹ ሊፈርስ ተወስኖበት ሳለ የተረፈው ባለቅኔው ጆን ቤጄማን በተሳተፉበት ዘመቻ ነው። አሁን የሚያስተዳድረው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

በ2015 የተጠናቀቀውን እድሳት ከሌሎች የሚለየው አርክቴክቱ ቲም ሮናልድስ ሕንፃውን ወደ አንድ የተመረጠ ዘመን ለመመለስ አለመሞከራቸው ነው። ሰገነቱን የተሸከሙት እንደ ገመድ የተጠማዘዙ ቀጫጭን የብረት ዓምዶች፣ በሰገነቱ ግንባር ላይ ከወረቀትና ከሙጫ ተለውሶ የተቀረጸው ጌጥ፣ የተላጠው ልስንና ከሥሩ ብቅ የሚለው የቀድሞ ቀለም እንዳሉ ተጠብቀዋል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ማሞቂያውና የአየር ማስገቢያው ግን የተመልካች ዓይን በማያርፍበት ቦታ ገብተዋል። ሥራው በ2016 የብሪታንያ አርክቴክቶች ተቋም ብሔራዊ ሽልማት አግኝቷል።

የሚያብረቀርቅ ነገር የሚወድ ሰው ሥራው ገና ያላለቀ ሊመስለው ይችላል። በእኔ ግምት ግን ግድግዳው በወርቅ ቅብ ቢሸፈን ኖሮ ቦታው ከማንኛውም የታደሰ ቲያትር ባልተለየ ነበር፤ መጋዘን የነበረበት ዘመንም ከሕንፃው ላይ በተፋቀ ነበር። ደግሞም «እንዳለ ተወው» ማለት ስንፍና አይደለም፦ የትኛው ልስን እንደሚጠገን፣ የትኛው እንደሚተው ክፍል በክፍል መወሰንን ይጠይቃል፤ ምናልባትም ከመቀባቱ ይልቅ ይህ ሳይከብድ አይቀርም።

ለትርፍ የማይሠራ የጥበብ ቤት ከታደሰ በኋላ በየዓመቱ ራሱን መቻል አለበት። ዊልተንስ ከትኬት ሽያጭ በተጨማሪ «ማሆጋኒ ባር» በሚባለው መጠጥ ቤቱ፣ ለሠርግና ለፊልም ቀረጻ በሚያከራየው አዳራሹም ገቢ ያገኛል፤ ከሁሉ የሚከራየው ደግሞ ያ ያልተቀባ ግድግዳው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለትርዒት የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ደርሶ፣ መብራቱ ሳይጠፋ ዓምዶቹንና የሰገነቱን ግንባር ከቅርብ ቢመለከት ይመከራል።