የቀለበት ፈርጥ ስትመርጡ፦ ከአልማዝ እስከ መዘዞ ኦፓል

ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ፣ ቀለበት የሚታሰርበት ቀን ይቆረጣል። ራስ ምታቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ጥያቄው “ስንት ግራም?” ብቻ ነበር። አሁን ቴሌግራም ሲከፈት አልማዝ፣ ሞይሳናይት፣ ዚርኮኒያና ኦፓል ተደርድረው ይጠብቃሉ። ሁሉም ያብለጨልጫሉ። ሁሉም በፎቶ ያምራሉ። ዋጋቸው ግን ከጫማ ዋጋ ይጀምርና ባጃጅ ከሚገዛው ብር በላይ ይሄዳል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት ለሚኖሩ ጥንዶች ገንዘቡ መጀመሪያ ወርቁ ላይ ይዋል እላለሁ። ፈርጡ ከዚያ ይቀጥላል። ቀን ጎድሎ ቀለበቱን ወርቅ ቤት ብትመልሱት ሚዛን ላይ የሚወጣው ወርቁ ነው። ፈርጡ ወይ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀመጣል፣ ወይ ክብደቱ ተገምቶ ይቀነሳል። ለፈርጡ የከፈላችሁት ብር ለውበት የወጣ ነው፤ አይመለስም። ይህን አውቆ ማውጣት ምንም ነውር የለውም። ሳያውቁ ማውጣት ነው የሚያናድደው።

ዋጋ በብር እየጠቀስኩ አልሄድም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተተወ ወዲህ የወርቅ ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። የትኛው ከየትኛው እንደሚወደድ ግን አይቀየርም።

ወርቁ፦ 21 ወይስ 18?

ባለ 21 ካራት ወርቅ 87.5 በመቶው ንጹህ ወርቅ ነው። ባለ 18 ደግሞ 75 በመቶ። አራት ግራም የሚመዝን ቀለበት ብትገዙ በ21 ውስጥ ሦስት ግራም ተኩል፣ በ18 ውስጥ ሦስት ግራም ንጹህ ወርቅ አለ ማለት ነው። በአማቶች ፊት 21 ይከበራል። ጥሎሽ ሲከፈት ጠርዝ ላይ ያሉት እትዬዎች ፈርጡን አይተው ያልፉና ስለ ካራቱ ይጠይቃሉ።

ፈርጥ ላለው ቀለበት ግን እኔ 18ን እመርጣለሁ። 21 ለስላሳ ነው። ፈርጡን ቆንጥጠው የያዙት ትንንሽ የወርቅ ጥፍሮች በጊዜ ብዛት ይከፈታሉ፤ ድንጋዩም አንድ ቀን ልብስ ሲታጠብ ከአረፋው ጋር ይሄዳል። 18 ውስጥ ያለው መዳብና ብር ወርቁን ያጠነክረዋል። ፈርጥ የሌለው ልሙጥ ቀለበት ከሆነ ግን 21 ይሁን፣ ክርክር የለኝም።

ውስጡን ገልብጣችሁ ማህተሙን እዩ። 875 ማለት 21 ካራት፣ 750 ማለት 18፣ 585 ማለት 14 ነው። 925 ከሆነ ብር ነው፣ ላዩ የፈለገውን ያህል ቢጫ ቢሆን። ነጭ ወርቅ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ላዩ ሮዲየም በተባለ ነጭ ብረት የተቀባ ነው። ቅቡ ሲለቅ ቢጫው ብቅ ይላል። መልሶ የሚቀባ ቤት ቅርባችሁ ከሌለ ቢጫውን ያዙ።

የብር ቀለበት አቅም ላነሰው የሚያሳፍር ምርጫ አይደለም። አያቶቻችን ጠገራ ብር አስቀልጠው መስቀልና ቀለበት ያሠሩ ነበር። 1780 የሚል ዓመት ያለበት የማርያ ትሬዛ ብር ንጽሕናው 83 በመቶ ገደማ ነው፤ ዛሬ የሚሸጠው 925 ግን 92.5 በመቶ ስለሆነ ከዚያ ይበልጣል። ጉድለቱ ይጠቁራል፣ በየቀኑ ሲደረግም ይጎብጣል።

አልማዝ ከመሬት፣ አልማዝ ከላብራቶሪ

ድንጋይ ምን ያህል ጭረት እንደሚቋቋም ከ1 እስከ 10 በሚለካው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ነው፤ ከእሱ በላይ የሚቀመጥ ሌላ የጌጥ ድንጋይ የለም። አይጫርም ማለት ግን አይሰበርም ማለት አይደለም። በሙቀጫ ዘነዘና ብትመቱት በጠርዙ ሊቀነጠብ ይችላል።

አልማዝ የሌለው ቀለበት ቀለበት አይደለም የሚለው አስተሳሰብ ከሸዋ አልወጣም። ዴ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ “አልማዝ ዘላለማዊ ነው” እያለ ባካሄደው ማስታወቂያ የተስፋፋ ነው። “የሁለት ወር ደመወዝ ይውጣበት” የሚለውም ከዚያው ቤት የወጣ ነው። ልጁን “ፍቅርህ በደመወዝህ ይለካ” ያለው ሽማግሌ የለም።

የላብራቶሪ አልማዝ ሐሰተኛ አይደለም። እሱም ካርቦን ነው፣ እሱም 10 ነው፤ በዓይን መለየት አይቻልም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ1954 ለፋብሪካ ሥራ የሚሆነውን ሠርቶ አሳየ፤ ለጌጥ የሚሆነው በብዛት ገበያ የገባው ግን በቅርብ ዓመታት ነው። ዋጋው በጣም ወርዷል። ተመሳሳይ መጠንና ጥራት ካለው የመሬት አልማዝ ጋር ሲተያይ ብዙ ጊዜ ከሩቡ በታች ነው። ገና ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ “ዋጋውን ይጠብቃል” የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ። የመሬቱም ቢሆን ከሱቅ በወጣ ማግስት ሲሸጥ የገዛችሁበትን አያመጣም።

አልማዝ ከገዛችሁ የምስክር ወረቀት ጠይቁ። ጂአይኤና አይጂአይ የታወቁት መርማሪዎች ናቸው። ቁጥሩን ድረ ገጻቸው ላይ አስገብታችሁ አመሳክሩ። ወረቀት የሌለው አልማዝ ላይ ትልቅ ብር አታውጡ፤ ሻጩ የአክስታችሁ ልጅ ቢሆንም።

ሞይሳናይት እና ዚርኮኒያ

ርካሽ ከሚባሉት ሁለቱ ሰዉን የሚያምታቱት እነዚህ ናቸው። ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ሞይሳናይት ሄንሪ ሟሳን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1893 አሪዞና ውስጥ ከወደቀ የሰማይ ድንጋይ ላይ ያገኘው ማዕድን ነው። አሁን የሚሸጠው ሁሉ በፋብሪካ የተሠራ ነው። ጥንካሬው 9.25 ነው። ብርሃን የሚሰብረው ከአልማዝ የበለጠ ስለሆነ ፀሐይ ላይ ቀስተ ደመና ይረጫል። አንዳንዱ ይህን ይወዳል፣ አንዳንዱ በዛ ይላል። እኔ ትንሹን መጠን እወዳለሁ፤ ትልቁ የመድረክ መብራት ይሆናል። ዋጋው ከላብራቶሪ አልማዝም ያንሳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። እስክሪብቶ የምትመስለው፣ ስትነካ ጢጥ የምትለው የአልማዝ መሞከሪያ የምትለካው ሙቀት ማስተላለፍን ነው። ሞይሳናይትም ሙቀት በደንብ ያስተላልፋል። ስለዚህ መሣሪያዋ “አልማዝ ነው” ትላለች። ሻጭ ፊታችሁ ጢጥ ቢያደርግላችሁ ማረጋገጫ አይደለም። በማጉያ መነጽር ከጎን ዘንበል አድርጋችሁ ስታዩ የኋላው ጠርዝ መስመሮች ድርብ ሆነው ከታዩ ሞይሳናይት ነው። የአልማዝ መስመር ነጠላ ነው።

ዚርኮኒያ አልማዝ እንዲመስል በፋብሪካ የሚሠራ ድንጋይ ነው፤ ጥንካሬው ከ8 እስከ 8.5 ነው። ሲገዛ ያምራል፤ ድንጋዩ ራሱ በውጭ ገበያ ጥቂት ዶላር ነው። በየቀኑ ሲደረግ ግን በዓመት በሁለት ዓመት ጠርዙ ይደበዝዝና የታጠበ ብርጭቆ ይመስላል። ለፎቶና ለፕሮፖዝ ቀን ይበቃል። የምትችሉትን ወርቅ ገዝታችሁ ዚርኮኒያ አስቀምጡበት፣ አቅም ሲመጣ ፈርጡን አስቀይሩ፤ ይህ መንገድ ከሁሉ ብልጥ ይመስለኛል። አንጥረኛው መጠኑን ጽፎ ይስጣችሁ እንጂ።

ባለ ቀለሞቹ

ሰንፔርና ሩቢ አንድ ማዕድን ናቸው፣ ሁለቱም 9። ለሥራ እጅ ከአልማዝ ቀጥሎ የማምናቸው እነዚህን ነው። ሰንፔር ትግራይ ውስጥ አክሱም አካባቢም ይወጣል። በላብራቶሪ የሚሠራ ሩቢ ግን እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ስላለ፣ ቀይ ፈርጥ ያለው የቆየ ቀለበት ሁሉ የተፈጥሮ ነው አትበሉ። ሰው ሠራሹ ርካሽ ነው፣ ጥንካሬው ግን ያው 9 ነው። ሻጩ በግልጽ ከነገራችሁ ጥሩ ግዢ ነው።

መረግድ (አረንጓዴው ኤመራልድ) ያምራል። ጉጂ ውስጥ ሻኪሶ አካባቢ የሚወጣው በዓለም ገበያ ስም አለው። ይሁን እንጂ መረግድ ውስጡ ስንጥቅ የበዛበት ድንጋይ ነው፤ አብዛኛው ስንጥቁ እንዳይታይ ዘይት ጠጥቷል። ትኩስ ውኃና ኦሞ ዘይቱን ያወጡታል። እጇ ከውኃ ለማይወጣ ሴት አልመክረውም።

ኦፓል፦ የራሳችን ድንጋይ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሰፈራችን ጉዳይ ነው። ከጣርማ በር ወደ መንዝ ሲኬድ መዘዞ የምትባል ከተማ አለች። የኢትዮጵያ ኦፓል መጀመሪያ በዓለም ገበያ የታወቀው በዚህ አካባቢ ድንጋይ ነው፣ በ1986 ዓ.ም. ገደማ። ወሎ ውስጥ ደላንታ ወገል ጤና የተገኘው ከዚያ በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ዛሬ “የኢትዮጵያ ኦፓል” ሲባል ሰው የሚያስበው የወሎውን ነው።

ሁለቱ አይመሳሰሉም። የመዘዞው ቡናማና ብርቱካናማ ያደላበታል፤ በክብ ድንጋይ ሆድ ውስጥ ተደብቆ ይወጣል። የቀለም ጨዋታው በቡናማ ላይ ሲመጣ እንደ እሱ ያለ በቀላሉ አይገኝም። ችግሩ ከመሬት ወጥቶ ሲደርቅ ብዙው ይሰነጠቃል። ዛሬ ጤነኛ የሚመስለው ከወራት በኋላ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ሊያወጣ ይችላል። የመዘዞ ኦፓል የምትገዙ ከሆነ ተሞርዶ ቢያንስ ዓመት የቆየውን ምረጡ፤ ትናንት የተሞረደውን ተዉት።

የወሎው ከነጭ እስከ ጠራ ይሄዳል፤ ስንጥቁም ያንሳል። ግን ውኃ ይጠጣል። ውኃ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ጠፍቶ መስተዋት ይሆናል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ውኃው ንጹህ ከሆነ ግድ የለም። ቅቤ፣ ዘይት፣ እርድና የሂና ቀለም ሲሆን ግን አይመለስም። በጭስ የጠቆረ ኦፓል በገበያ “ጥቁር ኦፓል” እየተባለ ይሸጣል። ጭስ የት እንዳለ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ምጣዱ ሥር ነው።

ሁለቱም ጥንካሬያቸው ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ያለው አሸዋ 7 ነው። ስለዚህ ኦፓልን በደረቅ ጨርቅ ስትወለውሉ እንኳ ትጭሩታላችሁ። ለየቀኑ የቃል ኪዳን ቀለበት አይሆንም ብዬ ነው የማምነው፣ የምወደው ቢሆንም። ለአንገት ሐብልና ለጉትቻ ግን የሚያህለው የለም። “የግድ ቀለበት ይሁን” ያላችሁ፣ ዙሪያውን በወርቅ ከንፈር የታቀፈ፣ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ አሠሩና በበዓል ቀን ይደረግ።

አቀማመጡ ለሌሎቹም ፈርጦች ያው ነው። በጥፍር ከፍ ተደርጎ የተያዘ ፈርጥ የጋቢ ክር ይስባል፣ ሹራብ ይቦጭቃል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሹራብ ያልለበሰ ማን አለ? ዙሪያውን የታቀፈው ትንሽ ብልጭታ ይቀንስበታል፤ ግን ይቆያል።

ልክ ስትወስዱ

ጣት በብርድ ይቀጥናል፣ በሙቀት ያብጣል። ጠዋት ደብረ ብርሃን የተለካ ቀለበት ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ያንቃል። ከሰዓት፣ እጅ ሲሞቅ አስለኩ። በሚስጥር ከሆነ የምትገዙት በዚያው ጣት የምታደርገውን አንድ ቀለበት ለአንድ ቀን “ተዋሱ”። ወርቅና ብር ይሰፋል ይጠባል። ዙሪያውን በፈርጥ የተሞላ ቀለበት ግን አይነካም። ለወንዶች የሚሸጠው ተንግስተን የተባለው ጠንካራ ብረትም አይሰፋም፤ ጣት አብጦ ቢጣበቅ ተሰብሮ ነው የሚወጣው።

ሌላው ከቤተሰብ ጋር ተነጋግሮ የሚያልቅ ነገር ነው። በተክሊል ወይም በቁርባን የምታገቡ ከሆነ ለዚያ ቀን ልሙጥ የወርቅ ቀለበት ሊያስፈልግ ይችላል። አንድ ቀለበት ነው የምትገዙት ወይስ ሁለት? ይህን አስቀድሞ ያልጠየቀ ሰው ብሩን ፈርጡ ላይ ጨርሶ ለሠርጉ ይበደራል።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ? እንጀራ የምትጋግር፣ የምታጥብ፣ ፋብሪካ ወይም ሆስፒታል የምትሠራ ከሆነች፣ ባለ 18 ወርቅ ላይ ትንሽ ሞይሳናይት ወይም ሰንፔር፣ ዝቅ ብሎ የታቀፈ። አልማዝ የልቧ ምኞት ከሆነ የላብራቶሪውን ከነወረቀቱ። ቤተሰብ በግራም የሚለካ ከሆነ ልሙጥ 21፣ ፈርጡን በጉትቻ አካክሱት። ገንዘቡ ካነሰ 925 ማህተም ባለው የብር ቀለበት ላይ ሞይሳናይት።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ “ጋሼ፣ ነገ ልመልሰው ብል በስንት ይገዙኛል?” መልሱ ውስጥ የእጅ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ለፈርጡ ስንት እንደሚቀነስ ሁሉም ይወጣል። ደረሰኙ ላይ የወርቁ ግራም ለብቻ፣ ካራቱ ለብቻ፣ የፈርጡ ዓይነት በስሙ ይጻፍ። “ነጭ ፈርጥ” ተብሎ ብቻ የተጻፈ ደረሰኝ አትቀበሉ፤ ዚርኮኒያም ነጭ ፈርጥ ነው።