ቁሌቱ ያልተቸኮለበት ፍቅር፦ «ኪሚ ኒ ቶዶኬ»ን ከጣና ዳር ለሚያይ

ሽንኩርቱ በደንብ ሳይቁላላ በርበሬ የተጨመረበት ወጥ መልኩ ቢያምርም ሲቀመስ ጥሬነቱ ይታወቃል። ብዙ የፍቅር ተከታታይ ፊልም እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው ክፍል ይተያያሉ፣ በሦስተኛው ይሳሳማሉ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጠብና እርቅ ነው። «ኪሚ ኒ ቶዶኬ» የተባለው የጃፓን አኒሜ (በሥዕል የተሠራ ተከታታይ ፊልም) ግን ቁሌቱ ላይ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱ ተማሪዎች መዋደዳቸውን አፍ አውጥተው እስኪነጋገሩ ድረስ 25 ክፍል ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍ አልቆ ሁለተኛውም ብዙ ይገፋል። ይህ ዝግታ ባሕር ዳር ላይ ባዕድ አይሆንም፤ እንዲያውም የእንግሊዝኛው ትርጉም የሚጥለውን ነገር አማርኛ ተናጋሪ ከመሬት ያነሳዋል።

መነሻው ካሩሆ ሺና የጻፈችው ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ፣ ነው። በ«ቤሳትሱ ማርጋሬት» መጽሔት በተከታታይ እየወጣ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ 30 ጥራዝ ሞልቷል፤ በ2008 ኮዳንሻ የተባለውን አሳታሚ የማንጋ ሽልማት በልጃገረዶች ዘርፍ ወስዷል። አኒሜውን የሠራው ፕሮዳክሽን አይ ጂ የተባለው ስቱዲዮ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2009 መጨረሻ፣ ሁለተኛው በ2011 መጀመሪያ፣ ሦስተኛው ከብዙ ዓመት በኋላ በነሐሴ 2024 በኔትፍሊክስ ወጣ።

ሳዋኮ ኩሮኑማ ረጅም ጥቁር ፀጉር ያላት፣ ፈገግ ስትል ሰው የሚደነግጥባት ተማሪ ናት። የክፍል ልጆች በአንድ የታወቀ አስፈሪ ፊልም ውስጥ ባለች መንፈስ ስም «ሳዳኮ» ይሏታል፤ ዓይኗን ያየ ክፉ ይደርስበታል ብለው ይሸሿታል። ካዜሃያ ሾታ ሁሉም የሚወደው ልጅ ነው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በትክክለኛ ስሟ የሚጠራት እሱ ነው። ታሪኩ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሚገርመው እዚህች ትንሽ ቦታ ላይ ምን ያህል እንደሚቆፍር ነው።

ሳዋኮን የያዛት ዓይናፋርነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ በአምስት ክፍል ባለቀ ነበር። የያዛት ይሉኝታ ነው። «እኔ አጠገቡ ብቆም ስለ እሱ ምን ይባላል?» ብላ ትሸሻለች። አዲስ ያገኘቻቸው ጓደኞቿ ያኖና ቺዙሩ በእሷ ምክንያት ስማቸው ጠፋ የሚል ወሬ ስትሰማም ለእነሱ ስትል ትርቃቸዋለች፤ እነሱ ደግሞ የጠላቻቸው ይመስላቸዋል። እንግሊዝኛ ለዚህ ስሜት አንድ ቃል የለውም፤ እኛ አለን። የጣናን ዳርቻ ይዘው ከዛፎቹ ሥር የሚሄዱ ሁለት ተማሪዎች በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት የሚተዉት ለምን እንደሆነ የሚያውቅ ተመልካች፣ ሳዋኮ ከካዜሃያ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ስትቀር ማብራሪያ አያስፈልገውም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ክፍሎች ከፍቅሩ ይልቅ የጓደኝነቱ ታሪክ ይበልጣል፤ መቀመጫ ሲቀየር እሷ አጠገብ መቀመጥ ሁሉም የሚፈራበትን ትዕይንት በትኩረት ማየት ይገባል፤ ማን ቀድሞ ወንበሩን እንዳመጣ፣ ማን እንደተከተለ።

ሁለተኛው ቁልፍ ቋንቋው ነው። በጃፓን ፍቅርን መግለጫው የተለመደ ቃል «ሱኪ» ነው፤ ያው ቃል ለምግብም፣ ለጓደኛም፣ ለሚወዱት ሰውም ይሠራል። የሁለተኛው ምዕራፍ ችግር ሁሉ እዚህ ላይ ይንጠለጠላል፤ ካዜሃያ የእሷ «ሱኪ» ከእሱ «ሱኪ» የተለየ ነው ብሎ ያስባል። የእንግሊዝኛው ትርጉም አንዴ ቀለል ያለውን፣ አንዴ ጠንከር ያለውን ቃል እየመረጠ አሻሚነቱን ያፈርሰዋል። በአማርኛ ግን «መውደድ» ብሎ ማሰብ ይበቃል፤ እናትን፣ ሽሮን፣ ፍቅረኛን የምንወደው በአንድ ቃል ነው፤ «ማፍቀር» የሚለውን ደግሞ አፋችን ላይ ለማምጣት እንደነሱ እንፈራለን።

ስም አጠራሩም እንዲሁ። «ኩሮኑማ» የቤተሰብ ስም ነው፣ «ሳዋኮ» የራሷ። እሷ እሱን «ካዜሃያ ኩን» ትለዋለች፤ «ኩን» በወንድ ልጅ ስም ላይ የሚቀጠል መጠሪያ ነው። ሴት ጓደኞቿ ከ«ሳዳኮ» ወደ «ሳዋኮ» ሲሻገሩ በመካከላቸው የነበረ ግድግዳ ወደቀ ማለት ነው፤ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» የመሻገርን ያህል ይከብዳል። ከሥር የሚወጣው የትርጉም ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ቅጥያዎችን ብዙ ጊዜ ስለሚተዋቸው በጆሮ መከታተል ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ ድምፅ ከተሠራው ይልቅ የጃፓንኛውን ድምፅ እንመክራለን።

የሳዋኮ ተቀናቃኝ ኩሩሚዛዋ ኡሜ ሌላዋ የታሪኩ ጥንካሬ ናት። የራሷን ስም ስለምትጠላ «ኩሩሚ» እንዲሏት ትፈልጋለች። ተንኮል ትሠራለች፤ ግን ጸሐፊዋ እንድንንቃት አትፈቅድም፤ የምትወደውን ሰው በግልጽ የምትናገር ጎበዝ እሷ ናት።

ጉድለቱን ሳንሸሽግ፦ ሁለተኛው ምዕራፍ መሃሉ ላይ ይንዛዛል። ሚውራ ኬንቶ የተባለው ልጅ ገብቶ ነገሩን ያወሳስበዋል፤ አንድ ጥያቄ የሚፈታው አለመግባባት ለብዙ ክፍሎች ይጎተታል፤ ያለፉ ትዕይንቶችም ደጋግመው ይመለሳሉ። ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ነው። መፍትሔው በአንድ ቀን ከሁለት ክፍል በላይ አለማየት ነው፤ አንዱ ክፍል 23 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁለቱ ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃሉ። ስድስት ሰባቱን በአንድ ሌሊት የሚጨርስ ሰው ለሳምንት እንዲበቃ የተሠራውን ዝምታ እንደ ድግግሞሽ ይቆጥረዋል። ምዕራፉ የሚጀምረው በቫለንታይን ቀን ነው፤ በጃፓን በዚያ ቀን ቸኮሌት የምትሰጠው ሴቷ ስትሆን፣ ለደንቡ የሚሰጥና ከልብ የሚሰጥ ቸኮሌት ይለያያሉ። ሳዋኮ ለሌሎች ሰጥታ ለእሱ ያዘጋጀችውን መስጠት ያቃታት የእሱ ከልብ ስለሆነ ነው። ይህን ያላወቀ ንዴቱ ካዜሃያ ላይ ይሆናል።

አንድ ቴሌቪዥን ላለው ቤት ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች እናትም አባትም ሳሎን ቢገቡ ሪሞት የሚያስፈልግ ትዕይንት የለም። እጅ ለእጅ መያያዝ ራሱ ትልቅ ክንውን ነው።

ከአስተያየት ወደ ተግባር ስንመጣ፦ መብራትና ኔትዎርክ ስለማይታመኑ ዋይፋይ ባለበት ቀድሞ ማውረድ ይሻላል፤ ከኔትፍሊክስ የወረደ ፋይል ግን ጊዜው ስለሚያልፍ የሁለት ሳምንቱን በአንዴ አውርዶ ማስቀመጥ አያዋጣም። ሥዕሉ ፈዛዛ ሮዝና ነጭ ስለሚበዛበት ነጭ ጽሑፍ ይዋጣል፤ በተለይ ሐይቁ ዳር በቀን ስልክ ላይ ለሚያይ። በቅንብሩ ገብቶ ከጽሑፉ ጀርባ ጥቁር መደብ ማድረግ ይፈታዋል። ከፍላሽ በቴሌቪዥን ሲታይ ጽሑፉ ካልመጣ፣ የጽሑፉ ፋይል ስም ከቪዲዮው ስም ጋር አንድ መሆኑንና አንድ ፎልደር ውስጥ መቀመጣቸውን ማየት ነው፤ አንዲት ፊደል ብትለይ አይነሳም።

ሦስተኛው ምዕራፍ 5 ክፍል ብቻ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል፤ ስለዚህ ልማዱ ወደ አንድ ክፍል በአንድ ምሽት መቀየር አለበት። ማንጋውን ለሚጀምሩ፦ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከላይ ወደ ታች ይነበባል፤ ከንግግር አረፋ ውጪ የተጻፈው ብዙ ጊዜ የሳዋኮ ሐሳብ ነው፤ እሱን የዘለለ ታሪኩን ግማሹን ዘለለ። አኒሜው ከሚያቆምበት አልፎ እስከ ምረቃቸው የሚወስደው ማንጋው ነው።